የሙሉጌታ ቀይ ወታደሮች

ካርቱም ደርሼ መጣሁ ስል የሰፈሬ ሰው ሁሉ ከተማዋ ምን እንደምትመስል ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ እየቆምኩ ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌ ብጨርሰው ይሻላል ብያለሁ። ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሁለቱ ዓባዮች መገናኛ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ግን ከእኔ ብዙ አያገኝም። የሄድኩት ልጄን በረከትን ይዤ ለመመለስ ነበር፤ ዐይኔም ያየው ያንን መንገድ ብቻ ነው።

በረከት ካርቱም ከገባ ዓመታት ሆነውታል። የቀን ሥራ እየሠራ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ሲያስብ ጦርነቱ እዚያው ዘጋበት። ተኩሱ ከከተማዋ ርቆ መንገዱ ከተከፈተ በኋላም «ና» ስንለው «ትንሽ ልቆይ» ይለናል። ምክንያቱን አይናገርም። እሱ «ትንሽ» ባለ ቁጥር እናቱ ከሳች። እኔ ደግሞ ሥራና ትዳር የሌለው ሰው በፈረሰ ከተማ የሚቀመጥበት ምክንያት መልካም ሊሆን አይችልም ብዬ አመንኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ራዲዮ መጠገን የለመድኩትም የተሰበሩትን እየፈታሁ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ነገር ሁሉ ተፈትቶ የሚገጠም ይመስለኛል። ሱቄን ቆልፌ ተነሳሁ።

ሰኞ

ከጎንደር በማለዳ ወጣን። ጭልጋን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየከበደ መጣ። አየር ልወስድ ራሴን በመስኮት ባወጣ ባርኔጣዬን ነፋስ ነጠቀኝ። ሾፌሩን አቁምልኝ ብለው «አባባ፣ እዚህ አይቆምም» ብሎ ጭራሽ ነዳው። ለምን እንደማይቆም አንድም ተሳፋሪ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

መተማ ያሳደረችኝ ሴት አልጋዬን ከክፍሉ አውጥታ ግቢ ውስጥ ዘረጋችልኝ። እኛ ደጋዎች ሲመሽ በር እንዘጋለን፤ እነሱ ሲመሽ አልጋ ያወጣሉ። ካርቱም እንደምሄድ ስነግራት ውሃ የያዘውን ትልቁን ጀሪካን ሰጠችኝና ጀሪካኑን ስመለስ እንዳመጣላት ነገረችኝ። «ስትመለስ» ማለቷን ወደድኩላት።

ማክሰኞ

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ጋላባት ገባሁ። በወጣትነቴ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጭጄ ስለነበር ዐረብኛዬ እንደ አሮጌ ራዲዮ እየተንኮሻኮሸ ተመለሰልኝ። ከጎኔ የተሳፈረው ዑስማን የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ባዶ ራሴን አይቶ አላስቻለው። ከሻንጣው ረጅም ነጭ ጨርቅ አወጣና በገዛ እጁ ጠመጠመልኝ። ከዚያ በኋላ በየኬላው ወታደሮቹ መካ የሄድኩ መስሏቸው «ያ ሐጅ» እያሉ ከወረፋው ያስቀድሙኝ ጀመር። ሁዳዴን ሳላፈርስ የኖርኩ ሰው በማይገባኝ ክብር ማለፌ ከነከነኝና ለዑስማን ነገርኩት። እሱ ግን እስኪያስለው ሳቀና፣ ራስህን የሸፈንከው ከፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ሃይማኖት አትጠይቅም አለኝ።

ገዳሪፍ ላይ ፉል ከአንድ ትሪ በላን። በእኛ አገር እንግዳ የሚያጎርሱት በእጅ ነው። እነሱ ዳቦውን ወደ አንተ በኩል እየገፉ «ተፈደል»፣ ብላ ማለት ነው፣ ይሉሃል፤ ሳታስተውለው የእነሱ በኩል ባዶ ይቀራል።

ረቡዕ

መደኒ ከተማን ካለፍን በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ዝም በሉ ያለን የለም። የተቃጠሉ መኪኖች ከመንገዱ ዳር ተገፍተው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ሰው በዚያ እንደሚኖር ያወቅሁት በልብሱ ነው፤ ሰውየውን ግን አላየሁም።

በረከት የሚኖርበት ካላክላ ቀድሞ በሐፍላ፣ ማለት በትንንሽ አውቶቡሶች፣ የታፈነ ሰፈር እንደነበር ስሰማ ኖሬያለሁ። ያገኘሁት ጸጥታ ነው። ቤቶቹ ቆመዋል፤ በሮቻቸው ግን የሉም። የቤቱን በር ነቅለው፣ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ከግድግዳው ቦርቡረው ወስደውታል። ከመንገድ ላይ ሆነህ አንዱን ቤት አልፈህ የጓሮውን ዛፍ ታያለህ። እኛ ዘንድ ሌባ ዕቃ ነው የሚሰርቀው። እዚህ የገባው ሌባ «ውስጥ» እና «ውጭ» የሚባለውን ነገር ነው የሰረቀው።

በረከት ጥጉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጉልበቴን ስሞ ጀሪካኑን ተቀበለኝ። ከስቷል። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ድምፁ ነው፤ መንገድ መሐል ሆኖ የታመመ ሰው ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል በሹክሹክታ ያወራል። ቤት ስንገባም ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ተኩሱ ባለበት ዘመን ድምፅ ከውጭ እንዳይሰማ ለመዱት፤ ተኩሱ ሄደ፣ ልምዱ ቀረ።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቱም የኖሩ ስደተኛ ናቸው፤ አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ሆኗል። ሌላው ነዋሪ ዳዊት ይባላል፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ሴትዮዋ ቂስራ በመረቅ አቀረቡልኝ። ቂስራ የእንጀራ ዘመድ ነው፤ ግን ስስ ነው፣ ዐይንም የለውም። ብዙ በላሁ።

ሐሙስ

አሁን ወደ ጨዋታው ገበታ ልምጣ።

በዚያ ሰፈር የተረፈ አንድ በር ቢኖር የወይዘሮ አልጋነሽ ነው፤ እሱም ቢሆን በር መሆኑን ትቶ ጠረጴዛ ሆኗል። ሌባ እንዳያየው ነቅለው በሁለት በርሜል ላይ አጋድመውታል። በላዩ ከካርቶን የተሠሩ ቤቶች፣ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ወንዝ፣ በወንዙ ላይም አንድ ድልድይ አለ። በቤቶቹ መካከል ጣት የማያክሉ ከብረት የተቀረጹ ወታደሮች ቆመዋል፤ ፊታቸው ሳይቀር በጥንቃቄ ተቀብቷል። ዳዊት የሠራበት ቤት ልጆች ናቸው የቀቧቸው። ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ሲሸሽ ልጆቹ መሸከም ስላቃታቸው እያለቀሱ ለእሱ ሰጧቸው። ታላቁ ልጅ ክሩን ይዞ እየለካ፣ ሕጉን እየጠቀሰ የሚያሸንፍ ነበር አሉ። ታናሹ ለየወታደሩ ስም አውጥቶ እንዳይሞቱበት ከቤት የማያወጣቸው ነበር።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። በተራህ ወታደርህን በክር ለክተህ ታራምዳለህ፤ ስትመታ ዳይ፣ ያን ነጠብጣብ ያለበትን ጠጠር፣ ትጥላለህ፤ የተመታው ይበላል፣ ከገበታው ይወጣል፤ ድልድዩን የያዘ ያሸንፋል። ዳዩን የሚጥሉት በታጠፈ ጨርቅ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን እንዳይንኳኳ ብለው ያመጡት ዘዴ ነው። ዛሬም ጨርቁን አልተዉትም።

እኔ ጨዋታ አልወድም። በጦርነት በተበላ ከተማ መሐል የጦርነት ጨዋታ ማየት ደግሞ ነውር መሰለኝ። ከእሳት የወጣ ሰው በክብሪት ይጫወታል ወይ ብዬ ዳዊትን ወቀስኩት። ዳዊት ክሩን በጣቱ እየጠቀለለ፣

«ውጭ የነበረው ሕግ አልነበረውም ጋሼ፤ ይሄ አለው። በሕግ ማሸነፍ ምን እንደሚመስል እንዳንረሳ ነው» አለኝ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ቀበል አድርገው፣ «እሱን አይስሙት፤ ሕግ ሕግ ሲል መሕከማ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛ አድርጎ የሾመው ነው የሚመስል። እኔ ማሸነፍ አልፈልግም። ነገ የሚቀጥል ነገር ነው የምፈልግ» አሉ።

መልሳቸውን ሳመዛዝን ልቤ ወደ ዳዊት አደላ። የማያልቅ ነገር ሥራም ጨዋታም አይባልም ብዬ የማምን ሰው ነኝና።

ከምሳ በኋላ ዳዊትና በረከት ገበታው ላይ ተቀመጡ። እኔ አልጋው ላይ ነበርኩ፤ ሙቀቱ ሲጠናብኝ ነፋስ ወደሚነካው ባዶ ወንበር ተዛወርኩ። ወንበሩ ፊት ለፊት ቀይ ልብስ የተቀቡ ወታደሮች ተሰልፈዋል። ዝም ማለቴን ያዩት ወይዘሮ አልጋነሽ ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ «ይጫወቱ እንጂ ጋሼ፤ ምነው ዝም አሉ?» አሉኝ።

ይህ በአገራችን ለእንግዳ ሁሉ የሚባል ቃል ነው፤ አውሩ ማለት ነው። እኔ ግን ገበታው ላይ ተቀምጬ ስሰማው ሌላ መሰለኝ። ባልወደውም የቤት ባለቤት ሲጋብዝ እምቢ አይባልም ብዬ አንዱን ቀይ ወታደር አንስቼ ወደ ድልድዩ አራመድኩት።

የሁሉም እጅ ባለበት ቀረ። ዳዊት ክሩን እንደዘረጋ ደረቀ። በረከት «አባባ» አለ። ያን ጊዜ በበር ፈንታ የቆመው የግቢው ቆርቆሮ ተንኳኳ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደዚያ ዞሩ፤ የፊታቸውን ነገር ልገልጸው አልችልም፤ ደስታም ፍርሃትም ነበረበት። ወይዘሮ አልጋነሽ ሄደው ከፈቱ። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ ነበር።

ሲመለሱ አጠገቤ ተቀመጡና እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ቀዮቹ የሙሉጌታ ናቸው፤ አብሯቸው ይኖር የነበረ ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ውሃ ሊያመጣ ወጥቶ አልተመለሰም። እስኪመለስ ድረስ ወታደሮቹን ማንም እንዳይነካ ተስማምተዋል። ሌሎቹ በዙሪያቸው ይዋጋሉ፤ ቀዮቹ ግን አይንቀሳቀሱም፣ አይበሉም። «እኔ ለወሬ ነበር ያልኩዎ» አሉኝ፤ እንዳልከፋም እጄን ያዙኝ።

ዳዊት ግን ሕግ አዋቂ ነው። የነካ ያንቀሳቅሳል፣ ያንቀሳቀሰ ይዞ ይጨርሳል አለ። ቀዮቹ የእኔ ሆኑ።

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ በደቡብ በኩል ቡናማ ግድግዳ የሚመስል ነገር ተነስቶ መጣ። ሐቡብ ይሉታል፤ የአሸዋ ማዕበል ነው። ገና ቀን ሳለ ክፍሉ ጨለመ። በእኛ አገር ጭጋግ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው፤ ይህኛው እንደ ሰው በሩን ሰብሮ ይገባል። ሻማ ይዘን፣ አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን ተቀመጥን። በረከት ምክንያቱን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ ፊቴን ስላላየው ይመስለኛል።

«ውሃ የማምጣት ተራው የእኔ ነበር አባባ። ድልድዩን ልይዝ አንድ ተራ ቀርቶኝ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከዳዊት እብስ ነበር፤ ከተሸነፍኩ እህል አይበላልኝም። ሙሉጌታ ‹አንተ ጨርስ፣ እኔ እሄዳለሁ› አለኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ማዮ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ፈልገውታል። አየሁ ያለ የለም፤ ሬሳም የለም። ለሙሉጌታ እናት ሞቷል አላሏቸውም፤ አለም አላሏቸውም። እኔ ከዚህ ከሄድኩ ማን ይጠብቀዋል አለኝ።

ክፉ ምክንያት ነው ብዬ ከቤቴ ለወጣሁ ለእኔ ይህ ከባድ ነበር። ቢሆንም የአባት ነገር ነውና እዚያው ውል አቀረብኩ። ቀዮቹ አሁን የእኔ ናቸው። ነገ እንግጠም። እኔ ካሸነፍኩ ከእኔ ጋር ትመጣለህ። አንተ ካሸነፍክ ሁለተኛ ና አልልህም፤ ለእናትህም እኔ እነግራታለሁ አልኩት። «እሺ» አለ።

ነፋሱ ሲያልፍ መስኮቱን ከፈትን። ገበታው፣ የካርቶን ቤቶቹ፣ የበረከት ሰማያዊ ወታደሮች፣ የዳዊት አረንጓዴዎች፣ ሁሉም አመድ የነፉባቸው መስለዋል። ቀዮቹ ላይ አቧራ የለም። በጣቴ ነካኋቸው፤ አሁን የታጠቡ ይመስላሉ። ማን ጠረጋቸው ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሦስቱም እኔ አይደለሁም አሉ፤ ከመካከላቸው ሲዋሽ የያዝኩት ሰው የለም። በክር ካልለካ የማያምነው ዳዊት ጎንበስ ብሎ ሲያያቸው ቆየና ነፋሱን ያ ጎን ከልሎላቸው ይሆናል አለ። ወደ ጠቆመበት ጎን አየሁ። እዚያ በኩል ያለው መከለያ ሳይሆን ነፋሱ በስንጥቁ የገባበት መስኮት ነው። እንደ ራዲዮ ጠጋኝ መፍትሔውን ፈለግሁት። ዛሬም አላገኘሁትም።

ቅዳሜ

ውሉ የዐሱር፣ ማለት የከሰዓት በኋላው፣ ጸሎት እስኪጠራ ነው። በዚያን ሰዓት የድልድዩን ሁለት ጫፍ የያዘ ያሸንፋል። መብራት ስለሌለ መስጊዱ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ሙአዚኑ በባዶ ጉሮሮው ነው የሚጠራው። ስለዚህ ለመስማት ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ተጫወትን።

ሕጉን በአንድ ቀን አጠናሁት። ሽቦ ከሽቦ እንደሚገናኝ ሁሉ የወታደሩም መንገድ ይገባል። ግን ጀማሪ ነኝ፤ እሳሳታለሁ። ሦስት ጊዜ ያህል ወታደሮቼን ሜዳ ላይ ገላጣ አድርጌ ተውኳቸው። በረከት አልመታቸውም። ክሩን ይዘረጋል፣ ይለካል፣ እንደሚደርስ ያያል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ያለ ሰማያዊ ወታደሩን ያንቀሳቅሳል። የእኔ ቀዮች እየሄዱ የእሱን ይበላሉ። በስተኋላ እኔም ስሕተት መሥራት አልፈራሁም፤ የሚነካኝ የለምና።

ዳዊት አላስቻለው። «ምታው» አለ።

በረከት ሰማያዊ ወታደሩን አራመደ።

«ምታው እንጂ። ሙሉጌታን አከበርኩ ብለህ ነው? አሸንፎህ አያውቅም፤ ግን አንድ ቀን ማረኝ ብሎህም አያውቅም። እንዲህ ስትተውለት ቢያይ ነው የሚሰድብህ። ሰውን የማይመቱት ሲሞት ነው።»

በረከት ዳዩን አነሳ። እጁ ከጨርቁ በላይ ቆመ። ከዚያ ዳዩን ቀስ አድርጎ፣ ሳይጥለው፣ አስቀመጠው።

«አልችልም» አለ።

«ተወው ያ ዳዊት፣ ኸላስ፣ በቃ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

እዚህ ላይ ጨዋታውን ማቆም እችል ነበር። ልጆቼን ሳሳድግ ያልተዋጋህን ሰው መጣል ነውር ነው ብዬ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ግን ጎንደር ላይ የስልክ ድምፅ የምትጠብቅ ሴት አለች፤ እኔም ልጅ ልመልስ ነው የመጣሁት። ቀዮቹን በድልድዩ ላይ አሻገርኳቸው፤ ሁለቱንም ጫፍ ያዙ። የሙአዚኑ ድምፅ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ ተሰማ።

አበጀህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዳዊት ክሩን ጠቀለለና «ይሄ ድል አይባልም ጋሼ» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ ቢሆንም እወስደዋለሁ» አልኩት።

እሑድ

በረከት ቃሉን ጠበቀ። ሻንጣው ትንሽ ነች። ወይዘሮ አልጋነሽ ዳቦና ቴምር ቋጠሩልን፤ ግንባሬን ሳሙኝ፤ አንድም የቅሬታ ቃል አልተናገሩኝም። እኔ ብሆን እናገር ነበር። ከግቢው ስንወጣ ጀሪካኑን ረስቼው ተመለስኩ። ሁለቱን ገበታው ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ቀዮቹን እኔ ከመንካቴ በፊት ወደነበሩበት እየመለሷቸው ነው። ሴትዮዋ በግምት ያስቀምጣሉ። ያ «ያንቀሳቀሰ ይዞ ይጨርሳል» የሚል ዳዊት ደግሞ በክሩ እየለካ፣ በጥፍር ስፋት ሳይቀር ያስተካክላቸዋል። የእያንዳንዱን ቦታ በልቡ ያውቀዋል። አላዩኝም፤ ጀሪካኑን ይዤ ወጣሁ።

መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ስንት ናችሁ አለ። በረከት «ተላታ» አለው፤ ሦስት ማለት ነው። ተሳሳተ ብዬ ሁለት ነን ብዬ አረምኩት። በረከት አልተከራከረም። መደኒ ላይ መኪና ስንቀይር እንደገና «ተላታ» አለ። ያን ጊዜ ተቆጣሁት፤ ሰው ያየናል፣ እንደ እብድ ያደርጉናል አልኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማኝ። ገዳሪፍ እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ እኔ ደግሞ የእሱን ማጅራት ሳይ ዋልኩ። ልጄ በእጄ ገብቷል፤ በእጄ ያለ ግን አይመስልም።

ሰኞ

ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት የሚሄደው መኪና በማለዳ ሞላ። ረዳቱ ስንት ናችሁ ሲል በረከት ወደ እኔ አየ። እኔ ለሦስት ከፈልኩ። በረከት መስኮቱን ያዘ፤ እኔ መተላለፊያውን ያዝኩ፤ መካከላችን ባዶ ቀረ። ምን እያደረግሁ እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ ልጽፍ አልችልም። ሕግ ነው ወይስ ጨዋታ፣ ዳዊት ቢኖር ያውቀው ይሆናል።

ሊነሳ ሲል አንድ የእኛ አገር ሰው ጆንያ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ቆሞ የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነው፤ ዕድሜውም የእኔን ያህላል። ባዶውን ቦታ አየና ደስ አለው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሰው አለው?» አለኝ።

በረከት ከመስኮቱ ዞረ። ሰውዬውን አላየውም፤ እኔን ነው ያየ።

«አለው» አልኩት።